የዓለም አቀፍ ጉዳዮች ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ መለዋወጫው ከየት ይመጣል?

ክበባችን እንደ ልማዱ በጥቅምት ተጠሪና ጸሐፊ መርጦ ዓርብ ዓርብ ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜ በኋላ መሰብሰብ ጀመረ። ከ9ኛ ክፍል የመጡት አዲስ አባላት እስከ ገና ድረስ አፋቸውን አልከፈቱም። ከገና በኋላ ዝም የሚያሰኛቸው ጠፋ።

ርዕስ ሲመረጥ ብዙዎቹ የእኛኑ አካባቢ ፈልገው ነበር። ስሜት ቀድሞ ማስረጃ ከኋላ የሚጎተትበትን ክርክር ስለማልወድ፣ «ለጊዜው ራቅ እንበል» አልኳቸው። ሕንድና ፓኪስታን ተመረጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1947 ከአንድ ቅኝ ግዛት ተከፍለው የወጡ፣ ሁለቱም የእኔ ነው በሚሉት በካሽሚር ግዛት ሳቢያ ደጋግመው የተዋጉ፣ ሁለቱም ኑክሌር የታጠቁ ጎረቤታሞች። የመከራከሪያ ሐሳቡ «ለመከላከያ አብዝቶ የሚያወጣ አገር በውጭ ጉዳዩ በራሱ ይወስናል» የሚል ነበር።

ደጋፊው ቡድን ቁጥር ይዞ መጣ። የስቶክሆልሙ የሰላም ምርምር ተቋም እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2023 ሕንድ ወደ 84 ቢሊዮን፣ ፓኪስታን ወደ 8.5 ቢሊዮን ዶላር ለጦር አውጥተዋል። የሕንድን ዓምድ ሲስሉ ፍሊፕ ቻርቱ አልበቃ ብሏቸው ሌላ ወረቀት ለጥፈው ቀጠሉበት፤ የፓኪስታን ከታች አንድ ጣት አህሎ ቀረ። ክፍሉ አጨበጨበ፣ ነገሩ ያለቀ መሰለ። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ግን ተነሥታ፣ «የታንኩ መለዋወጫ ሲያልቅ የሚደወለው ለማን ነው?» ብላ ጠየቀች። የቀረው የዓመቱ ሥራ የተጎተተው ከዚህች ጥያቄ ነው።

ፓኪስታን እ.ኤ.አ. በ1954 ከአሜሪካ ጋር የወታደራዊ ዕርዳታ ስምምነት ፈረመች፤ በዚያው ዓመት ሲያቶን፣ በተከታዩ ዓመት የባግዳድን ስምምነት፣ ማለትም በምዕራባውያን የሚደገፉ ሁለት ፀረ-ኮሙኒስት የጦር ቃል ኪዳኖችን ተቀላቀለች። ፓተን ታንክና ሴበር ጄትም አገኘች። በ1965 ከሕንድ ጋር ስትዋጋ ግን ዋሽንግተን ለሁለቱም መሣሪያ መስጠት አቆመች። እገዳው በወረቀት እኩል ቢሆንም ይበልጥ የጎዳው ጦሯ በአሜሪካ መሣሪያ የቆመውን ፓኪስታንን ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ቻይና ይበልጥ ተጠጋች። በ1990 ደግሞ በኑክሌር መርሐ ግብሯ ምክንያት ገንዘብ የከፈለችባቸውን ኤፍ-16 ተዋጊ አውሮፕላኖች በአሜሪካ ተከለከለች። ለዓመታት አሪዞና በረሃ ላይ ቆሙ፤ በ1998 ሒሳቡ ሲዘጋ ከካሣው ከፊሉ የተከፈላት በስንዴ ነው። ልጆቹ ይህን አላምን ብለው ደጋግመው አጣርተዋል።

ስንዴው ወደ ሕንድ መለሰን። በጠቅላይ ሚኒስትር ኔህሩ የምትመራው ሕንድ በቀዝቃዛው ጦርነት ከየትኛውም ጎራ አልገባም ብላ፣ ኢትዮጵያም በተገኘችበት በ1955ቱ የእስያና የአፍሪካ አገሮች የባንዱንግ ጉባኤ ከመሪዎቹ አንዷ ነበረች። በ1965 እና በ1966 ድርቅ ሲመታት ግን ዓይኗ ከአሜሪካ በሚጫን እህል ላይ ተተከለ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆንሰን፣ ሕንድ አሜሪካ በቬትናም የምትፈጽመውን የአየር ድብደባ መንቀፏ አላስደሰታቸውምና እህሉ በጥቂት በጥቂቱ እንዲለቀቅ አደረጉ። በመከላከያ በጀት ሠንጠረዥ ውስጥ ስንዴ የሚባል መስመር የለም፤ ለእኔ ግን የዓመቱ ምርጥ ማስረጃ ይኸው ነበር። ያመጣውም የ9ኛ ክፍል ልጅ ነው።

በሚያዝያ ርዕሳችን ድንገት ዜና ሆነ። ሚያዝያ 14 ሕንድ በምታስተዳድረው ካሽሚር፣ በፓሃልጋም፣ 26 ሰዎች ተገደሉ፤ ሚያዝያ 29 ሕንድ በአጸፋው ፓኪስታን ውስጥ ጥቃት ፈጸመች፤ ግንቦት 2 ተኩስ አቁም ተባለ። የክበቡ ቴሌግራም በቪዲዮ ተጥለቀለቀ። ተመትቶ የወደቀ አውሮፕላን የተባለው አንዱ የኮምፒውተር ጌም ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም መንግሥታት ያመኑትን ብቻ እንጠቀም ብለን ብንስማማ በእጃችን የቀረው ጥቂት ነው።

የማጠቃለያው ክርክር በሰኔ መጀመሪያ በአዳራሽ ተካሄደ። ደጋፊዎቹ፣ ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካን የማዕቀብ ዛቻ ከምንም ሳትቆጥር ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥታ የሩሲያን ኤስ-400 የአየር መከላከያ ሚሳይል ገዝታለች፣ ማዕቀቡም አልተጣለባትም፤ ትልቅ ገዢን ማን ይቀጣል? አሉ። ተቃዋሚዎቹ፣ ያችው ትንሿ ዓምድ ፓኪስታን እ.ኤ.አ. በ2015 የመን ገብታችሁ አብራችሁን ተዋጉ የሚለውን የሳዑዲ ጥያቄ በፓርላማዋ አልቀበልም ብላለች ሲሉ መለሱ። ከ2020 እስከ 2024 ፓኪስታን ከውጭ ካስገባችው መሣሪያ 81 በመቶው የቻይና ሲሆን፣ የሩሲያ ድርሻ በሕንድ ግዢ ወደ 36 በመቶ መውረዱንም ጨመሩ፤ ወሳኙ ከስንት ሻጭ መግዛትህ እንጂ ስንት ማውጣትህ አይደለም ማለታቸው ነው። ዳኞቹ ለተቃዋሚዎቹ ፈረዱ። ፍርዱን እቀበላለሁ፤ ለኤስ-400ው ነጥብ የተሰጠው ማርክ ግን አንሶብኛል።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 2022 የሩሲያን የዩክሬን ወረራ ባወገዘው የተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ ላይ ሁለቱም ባላንጣዎች ድምፀ ተአቅቦ ማድረጋቸው ሲነሣ፣ ከተመልካች አንዱ «ኢትዮጵያስ?» አለ። ኢትዮጵያ በዕለቱ ድምፅ ካልሰጡት አገሮች አንዷ ነበረች። የድምፀ ተአቅቦንና ጭራሹኑ ድምፅ ያለመስጠትን ልዩነት ሳስረዳ ደውሉ ተደወለ።

ቻርቶቹ በኅብረተሰብ ሳይንስ ትምህርት ክፍል ተቀምጠዋል። የ2018 ዓ.ም. ምዝገባ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ይጀመራል።