ጉትቻውን ማን አየው?

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው እሑድ ስለ ምሥጢራዊ አውሬ አሳሾች፣ መኖሩ ያልተረጋገጠ እንስሳ ስለሚያድኑት ሰዎች፣ ያወጣችሁትን ሙሉ ገጽ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ደንበኛዬ ስልኩን ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ እየሳቀ «ጋሼ፣ ይኼ የጅቡ ጉትቻ በግራም ስንት ነው?» ሲለኝ። ቀጥሎ ማታ ቤቴ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ ሳልስቅ።

«የቲ» ስለሚባለው የሂማላያ ሰው መሰል አውሬና ስለ ስኮትላንዱ ሐይቅ ጭራቅ የጻፋችሁት አይመለከተኝም፤ ባለቤቶቹ ይመልሱላችሁ። እኔን ያቃጠለችኝ ወደ አገራችን ስትመጡ የጣላችኋት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ብረት ቀጥቃጮች ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ይባላል አላችሁና «በተገደሉ ጅቦች ጆሮ ላይ የወርቅ ጉትቻ መገኘቱም ተመዝግቧል» ብላችሁ ዘጋችሁት። ከሥሩ የፒያሳ ወርቅ ቤት መስኮት ፎቶ። መስኮቱ የጎረቤቴ ነው። ፎቶ አንሺያችሁን ቡና ሲጠጣ አይቼዋለሁ፤ ከኛ ከአንጥረኞቹ አንዳችንንም አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቅ ሄደ።

«ተመዝግቧል» ማለት ደስ ይላል። የት? ወሬው ያለው በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ትግራይ በኖረው በእንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ ማስታወሻ ነው፤ የታተመውም እሱ ከሞተ በኋላ በ1831 እ.ኤ.አ. ነው። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ኮፊን የሚባል ጓደኛው ስለነበረው አሽከር የተጻፈ አለ። አሽከሩ እስከ ነገ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ይፈቀድለታል። ወዲያው ባልደረቦቹ «እዩት፣ ጅብ ሆነ!» ይላሉ። ኮፊን ዞር ሲል ልጁ የለም፤ በሜዳው ላይ ጅብ ይሮጣል። በማግስቱ ልጁ ሥራው ላይ ተገኘ። ይኼ ነው ማስረጃው። ፈቃድ ወስዶ የጠፋ ሠራተኛማ እኔም አለኝ፤ ለጥምቀት እንደሄደ ቀረ። ጅብ ሆነ ብዬ ግን ለማንም አላወራሁም፤ ዱባይ መግባቱን ሰማሁ።

እናንተ ያደነቃችኋቸው አሳሾች አንድ ጥሩ ሐሳብ አላቸው፤ አልክድም። የአሳሾቹ አባት የሚባለው በርናር ሄውቨልማንስ በ1955 እ.ኤ.አ. መጽሐፉን ካሳተመ ጀምሮ የሚሉት «የአገሬውን ሰው ስሙ» ነው። እውነት አላቸው። የደጋ አጋዘንን የባሌ ሰው ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል፤ የውጭ ሳይንስ ስም የሰጠው ግን አንድ እንግሊዛዊ በ1908 እ.ኤ.አ. ከገደለው በኋላ፣ በ1910 ነው። ዛሬ በአሥር ሳንቲማችን ላይ ቆሟል። ነጭ ሳር ፓርክ ውስጥ ደግሞ በ1990 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች መንገድ ላይ ከሞተች ወፍ አንድ ክንፍ ብቻ አገኙ። በዚያች ክንፍ በ1995 አዲስ ዝርያ ተብላ ስም ወጣላት፤ የላቲን ስሟም «ክንፍ ብቻ» ማለት ነው። ይሁን፤ ክንፏ እንግሊዝ አገር ሙዚየም ተቀምጣለች፣ የተጠራጠረ ሄዶ ያያል። ጉትቻውስ? በየትኛው ሙዚየም፣ በየትኛው መሳቢያ ነው?

ደግሞስ «የአገሬው ሰው» ማን ነው? እናንተ የሰማችሁት ከሳሹን ነው። ተከሳሹም የዚሁ አገር ሰው ነው፤ አድራሻውም ሩቅ አልነበረም፣ ቡና የጠጣችሁበት ደጅ ነው።

እኔ ወርቅ የምሠራው ከ14 ዓመቴ ጀምሮ ነው። ብትጠይቁኝ የምነግራችሁ ይኼን ነበር። የሕፃን ጆሮ እንኳ ተበስቶ እስኪደርቅ ስንት ጥንቃቄ አለው። ጅብ በጥንብ ላይ ከባልደረባው ጋር የሚቦጫጨቅ እንስሳ ነው፤ አጥኚዎች አንዱን ከሌላው የሚለዩት በነጠብጣቡና በተቀደደው ጆሮው ነው። እዚያ ጆሮ ላይ ጉትቻ ስንት ሌሊት ያድራል? ወርቁስ ከየት መጣ? አባቴ ዕድሜውን በሙሉ ወናፍ እየነፋ ማረሻና ማጭድ ቀጥቅጧል፤ የወርቅ ጉትቻ በእጁ ሳይነካ ነው የሞተው። ለእናቴ ያላደረገላትን ለጅብ አደረገ?

ሰኞ ማረሻ ይዘው የሚመጡት ገበሬዎች እሑድ ከኛ ጋር አንድ ገበታ አይቀርቡም ነበር። ሕፃን ያዘለችዋ በደጃችን ስታልፍ ልጇን በነጠላዋ ትሸፍናለች። አዲስ አበባ ስመጣ ይቀራል ብዬ ነበር፤ አራት ኪሎ ትምህርት ቤት አንዱ «ጅራትህን የት ደበቅከው?» አለኝ። ለልጄ ሽማግሌ የላኩት ሰዎች አባቷ አንጥረኛ መሆኑን ሲሰሙ ደስ ብሏቸው ነበር። «አያቷስ ምን ይሠሩ ነበር?» አሉ። ነገርናቸው። ቡናውን ሳይጨርሱ ተነሡ፤ ሁለተኛም አልመጡ። ልጁ በዓመቱ ሌላ አገባ፤ የሙሽራዋን ጉትቻ የገዙት ከጎረቤቴ ነው። እናንተ ፎቶ ካነሣችሁት መስኮት።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው የሚሰድብ ይታሰራል ብለው አዋጅ አስነግረው ነበር። ሐውልታቸው ከኛ ሱቅ ሽቅብ፣ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት፣ በፈረሳቸው ላይ ነው። ፎቶ አንሺያችሁ በሥሩ ሳያልፍ አልቀረም።

ምሥጢራዊ አውሬ ካማራችሁ ደግሞ ታክሲ ይዛችሁ ስድስት ኪሎ ብትወጡ ይበቃ ነበር። ተመራማሪዎች በ2012 እ.ኤ.አ. የ15 የአንበሳ ግቢ አንበሶችን ዘረ መል መርምረው ከሌሎች የሚለይ ሆኖ አግኝተውታል፤ ጥቁር ጋማቸው እስከ ደረታቸውና እስከ ሆዳቸው ይወርዳል። ይኼ በጽሑፋችሁ አንድ መስመር አላገኘም። ስለ አንበሳ ሲጻፍ ሰው አይሰደብማ፤ ማን ያነበዋል?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ፎቶውን አንሡት። «ተመዝግቧል» ያላችሁትንም ማን፣ መቼ እንደጻፈው አብራችሁ አትሙ፤ አሽከሩ ፈቃድ የወሰደበትንም ነገር አትዝለሉ። ከአሳሾቹ አንዱ ከጅብ ጆሮ የወለቀ ጉትቻ ካለው ደግሞ ይዞልኝ ይምጣ። በድንጋዬና በአሲዴ ፈትኜ ካራቱን በነፃ እነግረዋለሁ፤ ወርቅ ሆኖ ከተገኘም በዕለቱ ዋጋ እገዛዋለሁ። እሑድ ዝግ ነን።

አንድ አንጥረኛ
ከፒያሳ