ከኮሮና የዳኑ ሰዎችን ኩላሊት ማን ይከታተል?

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በጋዜጣችሁ ስለ ኩላሊት እጥበት ወጪ የወጣውን ጽሑፍ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር እየተቀባበልን አነበብነው። ገንዘብ አጥተው እጥበት ያቋረጡ ሰዎች ታሪክ ልብ ይነካል፤ መጻፉም ተገቢ ነው። ነገር ግን ጽሑፉ የሚነሣው ሰዎቹ እጥበት ከጀመሩበት ቀን ነው። እኔ በሰሜን ሸዋ በአንድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ፤ ከዚያ ቀን በፊት ያለውንም አያለሁ። ኩላሊታቸው ደክሞ ወደ እኛ ከሚመጡት መካከል ከዓመታት በፊት በኮሮና ተኝተው የወጡ አሉበት። ያኔ ኩላሊታቸው መጎዳቱን የነገራቸው ሰው ግን የለም።

ኮሮናን ሁላችንም የምናስታውሰው በሳንባ ነው። በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተነገረ ጀምሮ ወሬው ሁሉ ስለ ኦክስጅንና ስለ መተንፈሻ መሣሪያ ነበር። በዚያው ወቅት በኒው ዮርክና በአካባቢዋ ሆስፒታሎች የተኙ 5,449 ሕሙማን ሲጠኑ 36.6 በመቶ የሚሆኑት ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ደርሶባቸው ተገኘ። በመተንፈሻ መሣሪያ ከታገዙት ውስጥ ደግሞ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ኩላሊታቸው ተጎድቷል። በዚያችው ከተማ ወደ 4,000 የሚጠጉ ሕሙማንን የተመለከተ ሌላ ጥናት 46 በመቶ አግኝቷል፤ ኩላሊታቸው ተጎድቶ በሕይወት ከወጡት ውስጥም ከሦስቱ የአንዱ ያህል የኩላሊቱ ሥራ በወጣበት ቀን ወደ ቀድሞው አልተመለሰም ነበር። ቀደም ብሎ በዉሃን 701 ሕሙማን ላይ በተደረገው ጥናት ቁጥሩ 5 በመቶ አካባቢ ብቻ ነበር፤ ሆኖም ከእነዚያ ሕሙማን 44 በመቶው ገና ሲገቡ በሽንታቸው ውስጥ የኩላሊት ጉዳት ምልክት የሆነው ፕሮቲን ታይቷል። ቁጥሩ እንደ ሕመሙ ክብደትና እንደ ተጓዳኝ ሕመም ይለያያል። የተገኘው ግን በየቦታው ስለተለካ ነው።

ምክንያቱ ብዙ ነው። መጀመሪያ ላይ ቫይረሱ ራሱ ኩላሊት ውስጥ ገብቶ ያጠፋዋል የሚለው ሐሳብ ጎልቶ ይሰማ ነበር። በኋላ ከሕሙማን የተወሰዱ ናሙናዎች ሲመረመሩ በብዛት የታየው ደምና ኦክስጅን አጥተው የተጎዱ የኩላሊት ቀጫጭን ቱቦዎች ናቸው። ትኩሳት የሰውነትን ውሃ ያሟጥጣል፤ ተቅማጥና ማስመለስ ይጨምሩበታል። የደም ግፊት ይወርዳል፣ ሳንባው ኦክስጅን ያሳጣል፣ ደምም በጥቃቅን ሥሮች ውስጥ ይረጋል። ስኳር ወይም ደም ግፊት የቆየበት ሰው ከሆነ ኩላሊቱ ቀድሞውንም አቅሙ ተመናምኗል። እነዚህ ቱቦዎች ፋታ ካገኙ ራሳቸውን የመተካት ችሎታ አላቸው። ጉዳቱ በጊዜ ከታወቀ ብዙ ሰው እጥበት ሳይደርስ ይተርፋል የምለው ከዚህ ተነሥቼ ነው።

በእኛ አገር ደግሞ ጥናቶቹ ያላነሡት አንድ ነገር ነበር። በሆስፒታሎቻችን ሕመምተኛን ውሃ የሚያጠጣው፣ የሚያጎርሰው፣ ፖፖውን የሚደፋው አስታማሚው ነው። ወደ ለይቶ ማከሚያ ግን አስታማሚ አይገባም ነበር። ከመንዝ የመጡ አንድ አባት አይረሱኝም። ልጃቸው ጋቢ ተከናንቦ ከአጥሩ ውጭ ይውላል፤ አጥሚት በፔርሙስ አምጥቶ ለጥበቃው ይሰጣል። ፔርሙሱ አልጋቸው አጠገብ ይቀመጣል። እሳቸው ግን አንሥተው ለመቅዳት አቅም የላቸውም፤ የኦክስጅን ጭምብላቸውም ከፊታቸው በተነሣ ቁጥር ኦክስጅናቸው ያሽቆለቁላል። እኛ በመከላከያ ልብስ ተጠቅልለን የምንገባው በተወሰነ ሰዓት ነው። «ልጄ፣ አፌ ደረቀ» ይሉኛል፤ በማንኪያ ጥቂት አጠጥቼአቸው ወደሚቀጥለው አልጋ አልፋለሁ። ማታ ፔርሙሱ ሳይጎድል ወደ ልጃቸው ይመለሳል። ክሬቲኒን የምንለው ኩላሊት ከደም ሊያስወግደው የሚገባ ቆሻሻ ሲገቡ 1.1 ነበር፤ በሳምንቱ 3.6 ደረሰ። ሳንባቸው አገገመ፣ ልጃቸው እግራችን ላይ ሊወድቅ እስኪቃጣው ተደሰተ፣ ወደ አገራቸው ተሸኙ። ማከሚያው በሰጣቸው የመውጫ ወረቀት ላይ ከኮቪድ ማገገማቸው ተጽፏል፤ ስለ ኩላሊት አንድም ቃል የለበትም። ቆይተው እግራቸው አብጦ፣ ምግብ አልወርድ ብሏቸው ሲመለሱ ያቺን ወረቀት በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋት ነበር።

ይህን የምጽፈው ሐኪሞቹን ለመውቀስ አይደለም። በዚያ ወቅት ግሉኮስ አብዝቶ መስጠት በታመመ ሳንባ ላይ ውሃ ሊያቁር ስለሚችል ፈሳሽ መቆጠብ ግድ ነበር። ለሳንባው ሲባል የተቆጠበው ፈሳሽ ኩላሊቱን ይጎዳል፣ ለኩላሊቱ ሲባል የተሰጠው ሳንባውን ያስጨንቃል። በሁለቱ መካከል ሐኪሙን የሚመራው ከክሬቲኒኑ ጋር የሽንት መጠን ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በስድስት ሰዓት ውስጥ ከ180 ሚሊ ሊትር በታች፣ ማለትም ከሦስት የቡና ሲኒ ያልበለጠ ከሸና አደጋ አለ። ይህን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። እኛ ክፍል አንድ ሊትር የሚይዝ የውሃ ፕላስቲክ አፉን ቆርጠን፣ በማርከር መሥመር አስምረን አልጋ ሥር እናስቀምጣለን፤ አስታማሚዋንም «እማማ፣ ሳይለኩ እንዳይደፉ» እንላለን። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች እስከየትኛው መሥመር እንደደረሰ በጣታቸው እያሳዩ ከእኛ በተሻለ ይይዙታል።

«ኮሮናማ አለፈ፤ አሁን ምን ያደርጋል?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት አስቸኳይ ሁኔታው ማብቃቱን ያወጀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ በሽታው ግን ዛሬም አለ። ከዚያም በላይ ያው ጉዳት በሌላ በር ይገባል። በሸዋ ሮቢትና በቆላው ወባ ሲበረታ፣ ክረምት ላይ ተቅማጥ ሲነሣ፣ የሳንባ ምች ወይም የደም መመረዝ ሲያጋጥም ኩላሊት የሚጎዳበት መንገድ ተመሳሳይ ነው። በደጋው ደግሞ ብርዱ ጥምን ስለሚያስረሳ ጤነኛው ሰው እንኳ ውሃ የሚጠጣው ከስንት አንዴ ነው። ሲያተኩሰውና ወገቡን ሲቆረጥመው ፋርማሲ ሄዶ ዲክሎፌናክ መርፌ ይወጋል ወይም አይቡፕሮፌን ይገዛል። ውሃ ባጣ ሰውነት ላይ እነዚህ ማስታገሻዎች ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ያሳንሳሉ። ጄንታማይሲንና ቫንኮማይሲን የመሳሰሉ አንቲባዮቲክ መድኃኒቶችም መጠናቸው ከኩላሊቱ አቅም ጋር ካልተስተካከለ ጉዳት ያስከትላሉ፤ ለማስተካከል ደግሞ ክሬቲኒን መታወቅ አለበት፤ ክሬቲኒን ለማወቅ ሪኤጀንት የምንለው የላቦራቶሪ መመርመሪያ ኬሚካል ያስፈልጋል። ሪኤጀንት አልቋል ተብሎ የኩላሊት ምርመራ ለሳምንታት ሲቆም ማየት ያሳምመኛል። ወገብ ካላመመው ኩላሊቱ ደህና የሚመስለው ብዙ ሰው ነው፤ የዚህ ዓይነቱ ጉዳት ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ሕመም ነው የሚያድገው።

ለጤና ጥበቃ ኃላፊዎች የማቀርበው ጥያቄ ጠባብ ነው። ሆስፒታል ተኝቶ ክሬቲኒኑ የጨመረ ማንኛውም ሕመምተኛ የመውጫ ወረቀቱ ላይ ሲገባ ስንት እንደነበረ፣ ከፍተኛው ስንት እንደደረሰ፣ ሲወጣ ስንት እንደሆነ ይጻፍለት፤ ከሦስት ወር በኋላም እንዲመረመር ቀን ይቆረጥለት። የሦስት ወሩን ምርመራ ዓለም አቀፉ የኩላሊት ሕክምና መመሪያም ይመክረዋል። ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ የመጣ አርሶ አደር ለአንድ የደም ምርመራ ደብረ ብርሃን ድረስ መመለስ ላይችል ይችላል፤ የትራንስፖርቱ ወጪ ብቻውን ከባድ ነው፣ መንገዱም ሁልጊዜ አይከፈትም። ስለዚህ ወረቀቱ በአቅራቢያው ለሚገኘው ጤና ጣቢያ ይጻፍ። ጤና ጣቢያው የደም ግፊቱን ይለካ፣ ሽንቱ ውስጥ ፕሮቲን መኖር አለመኖሩን በመመርመሪያ ወረቀት ይየው፤ ችግር ያለበትን ብቻ ወደ ላይ ይላክ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ክትባት ያመለጠውን ሕፃን ቤት ለቤት ፈልገው ያገኛሉ፤ ስሙ ከተሰጣቸው ይህንንም ሰው ያገኙታል።

እጥበት በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚደረግ ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቀን የምንገኝ ሰዎች፣ ከእኛም አልፎ ገደል ወርደውና ወጥተው የሚመጡት፣ ይህን ለስንት ወር ይችሉታል? በሬው ይሸጣል፣ መሬቱ ይከራያል፣ ከዚያ በኋላ ሕመምተኛው ራሱ «ይብቃኝ፣ ልጆቼን አላደኸይም» ይላል። በአውሮፓውያኑ 2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ለአገራችን ትልቅ ነገር ነው፤ የሚደርሰው ግን ለጥቂት ሰው ነው። ስለ እጥበት ማሽን ብዛት የምንጽፈውን ያህል ማሽኑ የማያስፈልገውን ሰው ስለማብዛትም ይጻፍ።

አንባቢዎቻችሁን በቀጥታ አንድ ነገር ልለምን። በኮሮና ጊዜ ኦክስጅን ተደርጎላችሁ ሆስፒታል የተኛችሁ፣ በተለይም ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለባችሁ፣ ያን የመውጫ ወረቀት ፈልጉት። ይዛችሁት ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱና ደም ግፊት አስለኩ፣ የሽንት ፕሮቲንና የክሬቲኒን ምርመራ ጠይቁ። የጀመራችሁትን የደም ግፊት መድኃኒት በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ተቅማጥ ወይም ብርቱ ትኩሳት ሲይዛችሁ ግን ስለ መድኃኒቱ ሐኪማችሁን አማክሩ። ወረቀቱ የጠፋበት ሰው መቼና የት እንደተኛ ለባለሙያው ቢናገር ይበቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
የውስጥ ደዌ ክፍል ነርስ
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ