ከቅዳሜ ገበያ እስከ ሊቨርፑል፦ የታሪክና ኢኮኖሚክስ ክበብ ዓመት

በጎንደር ያለው የትምህርት ቤታችን ክበብ ዘንድሮ የእህል ዋጋን ታሪክ ሊያጠና መሆኑ ሲሰማ፣ «ለዚህማ ገበያ መውጣት አይበቃም ወይ?» ያሉን ባልደረቦች ነበሩ። ገበያም ወጥተናል። ነገር ግን የአንድ ገበያ ዋጋ ብቻውን ብዙ አይናገርም። የሁለት ገበያዎች ዋጋ ጎን ለጎን ሲቀመጥ በመካከላቸው ያለው መንገድ፣ ኬላና ሰላም ይነበባል።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት በንባብና በክርክር አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1870 የስንዴ ዋጋ በሊቨርፑል ከቺካጎ በ58 በመቶ ገደማ ይበልጥ ነበር፤ በ1913 ልዩነቱ ወደ 16 በመቶ ግድም ወረደ። ባቡርና የእንፋሎት መርከብ ኪራይ አረከሱ፣ ቴሌግራፍ ደግሞ ወሬውን አፈጠነ። ጎንደርም በሲራራ ነጋዴ ከምጽዋና ከመተማ ጋር የተገናኘች ነበረች። ይሁን እንጂ አሞሌ ጨው የሩቅ ጉዞ ሲችል እህል አይችልም፤ ክብደቱ ብዙ፣ ዋጋው ትንሽ ስለሆነ የአጋሰስ ኪራይ ይበላዋል። በክፉ ቀን፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም.፣ የእርሻ በሬው በበሽታ አልቆ ድርቅና አንበጣ ሲታከልበት የሩቅ እህል የሚደርስበት መንገድ ጠባብ ነበር።

«ገበያ ከተሳሰረ ረሃብ ይቀራል» ለሚለው ወገን መልስ የሰጡት ተማሪዎች የ1965ቱን የወሎ ረሃብ አነሡ። ህንዳዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ አማርትያ ሴን እንዳሳየው፣ በደሴ የእህል ዋጋ ብዙም ሳይንር ሰው አልቋል፤ ገበሬው መግዣ አጥቶ ነበርና። እንዲህ የተከራከሩት የአሥረኛ ክፍል ልጆች መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

የሳምንቱን ስብሰባዎች ልለፋቸውና ወደ ቅዳሜ ገበያ የእህል ተራ የሄድንበትን ጠዋት ልንገራችሁ። አንድ አዛውንት ነጋዴ ከመደብራቸው ጥግ በላስቲክ የተጠቀለለ መዝገብ አወጡልን። ጠርዙን አይጥ በልቶታል፣ ቀለሙ ወይቧል። በአንዱ ዓምድ የደባርቅ ገብስ መግዣ፣ በሌላው የጎንደር መሸጫ ሰፍሯል። ልጆቹ ተሻምተው ፎቶ ሲያነሡ፣ በክፍል ውስጥ ድምጿ ብዙም የማይሰማ አንዲት ተማሪ ተንበርክካ መስመሮቹን በጣቷ ትከተል ነበር። ድንገት ቀና ብላ፣ «አባባ፣ እዚህ ገጽ ላይ የሁለቱ ዋጋ ለምን እንዲህ ተራራቀ? ከዚህ ወዲያስ ለምን ተቀራረበ?» አለች።

አዛውንቱ መነጽራቸውን አድርገው ገጹን አዩት። «ኬላ ነዋ፣ ልጄ» አሉ። «በደርግ ጊዜ እህል ያለ ፈቃድ ካውራጃ አውራጃ አይወጣም። እኛ ሌሊት በአህያ ኬላውን እየዞርን እናልፍ ነበር። ከተያዝክ እህሉም አህያውም ይወረሳል፤ ዋጋው ውስጥ ያለው ያ ፍርሃት ነው።» የተቀራረበበት ገጽ የተጻፈው በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ የእህል ዝውውር ከተፈቀደ በኋላ ነው። የደርግ መንግሥት እህል ገዢ የነበረውን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት፣ ኮታውንና ቁርጥ ዋጋውን በክፍል አስተምሬያለሁ፤ ያቺ ልጅ ግን ማንም ሳይነግራት ከሁለት የቁጥር ዓምዶች ላይ አገኘችው። በሃያ ዓመት የማስተማር ሥራዬ እንዲህ ደስ ያለኝ ቀን ጥቂት ነው።

ከዚያ በኋላ ተማሪዎቹ በየሳምንቱ ወደ ዘመዶቻቸው እየደወሉ የቆላ ድባን ጤፍና የደባርቅን ገብስ ዋጋ ከጎንደሩ ጋር መመዝገብ ጀመሩ። መንገድ በተዘጋባቸውና ስልክ በተቋረጠባቸው ሳምንታት ሰንጠረዡ ባዶ ቀርቷል። ደባርቅ ድረስ ልናደርገው ያሰብነው ጉዞም በዚሁ ምክንያት ተሰርዟል። ግራፎቹን በእጅ የሣልነው ኮምፒውተር ስላልተፈቀደልን ነው። ለማልያ ገንዘብ ሲገኝ ለፎቶ ኮፒ ወረቀት መታጣቱ አሁንም ያሳዝነኛል፤ ለኳስ ጥላቻ ኖሮኝ አይደለም።

ያየነውን ዓይነት መዝገብ በየቤቱ አለ፤ ባለቤቱ ሲያልፍ ግን ለመጠቅለያ እየተቀደደ ይጠፋል። ለመጪው ዓመት የምንጠይቀው አንድ ስካነር፣ አንድ አሮጌም ቢሆን የሚሠራ ኮምፒውተርና የጉዞ ወጪ ነው። የቀድሞ ተማሪዎችና ወላጆች፣ አባቶቻችሁ የእህል ነጋዴዎች ከነበሩ መዝገቡን ይዛችሁ ኑ፤ እዚያው ፊታችሁ ቀድተን እንመልስላችኋለን። ክበቡ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ ይገኛል።