እንኳን ማርያም ማረችሽ

ከሐዋሳ

ውድ እህቴ፣

እንኳን ማርያም ማረችሽ! ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር እንኳ ሳልጽፍልሽ መቆየቴን አውቀዋለሁ፤ ሰበብ አላበዛም። ትናንት እናትሽ ከአዳማ ደውለው ሴት ልጅ መገላገልሽን ሲያበስሩኝ እልል ብዬ ሳልጨርስ፣ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን አንቲባዮቲክ ስለታዘዘልሽ ማጥባት ማቆምሽን ጨምረው ነገሩኝ። እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነው።

እኔም አልፌበታለሁና። ልጄ ገና የ6 ሳምንት ሕፃን ሳለ ቀኝ ጡቴ ቀልቶና ግሎ፣ ብርድ ብርድ እያለኝ ያንቀጠቅጠኝ ጀመር። ክሎክሳሲሊን በየ6 ሰዓቱ እንድወስድ ታዘዘልኝ፤ የሸጠልኝ ሰው ግን መድኃኒቱን በፌስታል እያደረገ «እስክትጨርሺ ድረስ እንዳታጠቢ» አለኝ። ሁለት ሌሊት ወተቴን በእጄ እያለብኩ ደፋሁ፤ ልጄም ጡጦውን በምላሱ እየገፋ እስኪነጋ አለቀሰ። በሦስተኛው ቀን ጡቴ ድንጋይ ሲሆንብኝ በባጃጅ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ያየችኝ ሐኪም የእጅ አለባ እንደ ልጅ አፍ እንደማያወጣው፣ ወተቱ ተጠራቅሞ ሲቀር እብጠቱ መግል እስከ መቋጠር ሊደርስ እንደሚችል ነግራኝ እዚያው ወንበር ላይ እንዳጠባው አደረገችኝ። ልጄ ዓይኑን ጨፍኖ ሲስብ እኔ በሕመምና በእፎይታ መካከል ሆኜ አለቀስኩ።

ክሎክሳሲሊን፣ አሞክሲሲሊንና ሴፋሌክሲን ወደ ወተት የሚያልፉት በጥቂቱ ብቻ ነው፤ ሕፃኑ ራሱ ቢታመም ከሚታዘዝለት መጠን እጅግ ያነሰ ነው። የልጅ ሰገራ ሊቀጥን ወይም አፉ ውስጥ ነጭ ፈንገስ ሊወጣ ስለሚችል እሱን መከታተል ይበቃል። የእኔው ሦስት ቀን ሆዱ ላላ፤ ከዚያ ተወው።

ይሁን እንጂ ለእኔ የሠራው ለአንቺም ይሠራል ብዬ አልደመድምም፣ ምክንያቱም ልጅሽ ገና የ3 ሳምንት ናት። ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ከሚታዘዙት መካከል ናይትሮፉራንቶይን አንድ ወር ላልሞላው ሕፃን እናት አይመረጥም፤ ኮትሪሞክሳዞልም ሕፃኑ ቢጫ ከሆነ ወይም ያለ ጊዜው ከተወለደ እንዲሁ። ስለዚህ ዛሬውኑ ሐኪምሽ ዘንድ ሄደሽ የልጅሽን ዕድሜ፣ ጊዜዋን ጠብቃ መወለድ አለመወለዷንና ዓይኗ ወይም ቆዳዋ ቢጫ መሆን አለመሆኑን ተናግረሽ፣ የታዘዘልሽ የማይስማማ ሆኖ ከተገኘ ሌላ እንዲቀየርልሽ ጠይቂ። መድኃኒቱ ይቀየራል፤ የደረቀ ወተት ግን በቀላሉ አይመለስም። እስኪነገርሽ ድረስም ወተትሽ እንዳይቀንስ ልጅቷ በምትጠባበት ሰዓት ሁሉ እለቢው። መድኃኒቱንም በገዛ እጅሽ እንዳታቋርጪ፤ ኢንፌክሽኑ ወደ ኩላሊት ሊወጣ ይችላል።

እናትሽ «የመድኃኒት ወተት ልጅ ይመርዛል» ማለታቸው ከፍቅር ስለሆነ አትከራከሪያቸው፤ ሐኪም ዘንድ አብረውሽ ይሂዱና በጆሯቸው ይስሙት።

ለክርስትናዋ በ80ኛው ቀን እመጣለሁ። እስከዚያ ግን የመድኃኒቱን ስም ከማሸጊያው ላይ እንዳለ ገልብጠሽ ዛሬ ማታ በስልክ ላኪልኝ።

ናፋቂ ጓደኛሽ