የታማሚዎች ቁጥር ከነዋሪው ቁጥር ጋር ይታተምልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የወባ ወቅት በመጣ ቁጥር ስለ ጅማና አካባቢዋ በሚወጡ ዜናዎች ውስጥ አንድ ነገር ዘወትር ሲጎድል ስለማይ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሥቻለሁ። ዜናው ይህን ያህል ሺህ ሰው በወባ መያዙን ይነግረናል፤ ከስንት ነዋሪ መካከል፣ በየትኞቹ ሳምንታት፣ ካለፉት ዓመታት ተመሳሳይ ወቅት ጋር ሲነጻጸር በዝቶ ወይስ አንሶ እንደሆነ ግን አይገልጽም። እነዚህ ያልተገለጹበት ቁጥር አንባቢውን ያስደነግጠው ወይም ያዘናጋው ይሆናል እንጂ በሽታው እየተስፋፋ ይሁን እየቀነሰ ሊያስረዳው አይችልም።

ሁለት ቀበሌዎች በአንድ ሳምንት እያንዳንዳቸው 40 የወባ ታማሚ መዘገቡ እንበል። የመጀመሪያው 2 ሺህ፣ ሁለተኛው 20 ሺህ ነዋሪ ቢኖራቸው በመጀመሪያው ከሺህ ሰው 20 ሲታመም በሁለተኛው የታመመው 2 ብቻ ነው። አጎበሩም ሆነ የኬሚካል ርጭቱ ቀድሞ ወዴት መሄድ እንዳለበት የሚያመለክተው ይህ ምጣኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደንን ኮሌራ በመታት ጊዜ ሐኪሙ ጆን ስኖው ሟቾችን በመቁጠር ብቻ አልተወሰነም፤ እያንዳንዱ ቤት ከየትኛው ኩባንያ ውኃ እንደሚያገኝ አጣርቶ፣ በከተማዋ ፍሳሽ ከተበከለው የቴምዝ ወንዝ ክፍል የሚቀዳው ኩባንያ በሚያጠጣቸው ዘንድ ከ10 ሺህ ቤት 315 ሰው ሲሞት፣ ከከተማዋ በላይ ካለው የወንዙ ክፍል በሚቀዳው ኩባንያ ደንበኞች ዘንድ ግን ከ10 ሺህ ቤት 37 ሰው መሞቱን አሳየ። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ በሐኪሞች ዘንድ ገና ተቀባይነት ባላገኘበት ዘመን ኮሌራ በውኃ እንደሚተላለፍ ማስረጃ የሆነው ይህ ንጽጽር ነበር።

በጅማ ጉዳዩ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይሻል። በከተማችን ያለው ሪፈራል ሆስፒታል ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሰፊ አካባቢ የሚላኩ ሕሙማንን ስለሚቀበል፣ እዚያ የተመዘገበ ሁሉ በጅማ ከተማ የተያዘ ነው ማለት አይቻልም። ደግሞም ዋናው የክረምት ዝናብ ካባራ በኋላ የሚመጣው የወባ ወቅት ከቡና ለቀማ ጋር ስለሚገጥም ለቀን ሥራ ወደ ሊሙና ወደ ጎማ የሚንቀሳቀሰው ሰው ብዙ ነው፤ ከባዱ የወባ ዓይነት ምልክቱን የሚያሳየው በአብዛኛው ከ7 እስከ 14 ቀን ቆይቶ በመሆኑ፣ አንዱ ወረዳ ላይ በትንኝ የተነከሰ ሠራተኛ ትኩሳቱ የሚነሣበት ሌላ ወረዳ ላይ ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ ሆስፒታል የሚደርሱት በአብዛኛው የጠናባቸው ናቸው፤ በጤና ኬላ ታክመው የዳኑትን ሳይጨምሩ ከሆስፒታል መዝገብ ብቻ የሞት ምጣኔ ማስላት በሽታውን ከሆነው በላይ ገዳይ ያስመስለዋል፣ ሰውንም ያለ አግባብ ያስፈራል።

የጊዜው ጉዳይም እንዲሁ ነው። ተሕዋሱ በትንኟ ሰውነት ውስጥ ለመብሰል እንደ ሙቀቱ መጠን ዐሥር ቀንና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ በሰው አካል ውስጥ የሚቆይበት ሲታከልበት ዛሬ የምናየው የታማሚ ብዛት ከሳምንታት በፊት የሆነውን የሚነግረን ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ካሻቀበ በኋላ የሚጀመር ርጭት ዘግይቷል። ይህን በዜናው ውስጥ በአንድ ዐረፍተ ነገር ማስረዳት የሚከብድ አይመስለኝም።

ወረርሽኝ የሚለው ቃልም መለኪያ አለው፤ በአንድ ቦታና ወቅት ከሚጠበቀው በላይ ታማሚ ሲገኝ የሚሰጥ ስያሜ ነው። በአገራችን የወባ ክትትል ወረዳዎች የ5 ዓመት መረጃ ይዘው ለየሳምንቱ ወሰን ያወጣሉ፤ በተመሳሳይ ሳምንት ከተመዘገቡት አምስት ቁጥሮች ሁለተኛው ትልቁ እንደ ወሰን ይያዛል፣ የዘንድሮው ከዚያ ካለፈ ማስጠንቀቂያ ነው።

የወባ ሪፖርት ከጤና ተቋማት በየሳምንቱ ወደ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ስለሚላክ መረጃው የለም አይባልም። ዘጋቢዎቻችሁ የታማሚውን ቁጥር ሲጠይቁ የነዋሪውን ብዛት፣ የሳምንቱን ወሰን፣ ታማሚዎቹ ከየት ቀበሌ እንደመጡና ስንቱ በደም ምርመራ እንደተረጋገጠ አብረው እንዲጠይቁና ከዜናው ሥር በትንሽ ሰንጠረዥ እንድታትሙልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፤
አንድ የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ
ከጅማ