የሳተላይቷ ዕዳ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። የላክሽልኝን የደብተርሽን ፎቶ አየሁት። የሳተላይቷ ጠቅላላ ኢነርጂ ፊት ያለችውን ኔጌቲቭ ምልክት በቀይ ከበሽ «እማ፣ ኢነርጂ እንዴት ከዜሮ በታች ይወርዳል?» ብለሻል። ፎርሙላውን ሸምድደሽ አለማለፍሽ ደስ አለኝ። በስልክ ከማንበለብልብሽ ልጻፍልሽ ብዬ ነው።

በራሳችን በኢትዮጵያ ሳተላይት እናስላው። ኢቲአርኤስኤስ-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይናው ታይዩዋን ስትመጥቅ 70 ኪሎ ገደማ ነበረች። የገባችበት ምህዋር ከመሬት 628 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። እዚያ ከፍታ ላይ ፍጥነቱ በሰከንድ 7.5 ኪሎ ሜትር ነው፤ አንድ ዙር 97 ደቂቃ ይፈጃል። ካይነቲክ ኢነርጂዋን፣ ማለትም ከፍጥነቷ የምታገኘውን፣ ብታሰይው 2 ቢሊዮን ጁል (ጁል የኢነርጂ መለኪያ ነው) አካባቢ ይመጣል። እዚህ ድረስ ችግር የለብሽም።

ፖቴንሻሉ ላይ፣ ማለትም በስበት ውስጥ ካለችበት ቦታ የሚመጣው ኢነርጂ ላይ ግን፣ ዜሮውን የት እንዳደረግነው እይ። መሬት ላይ አይደለም። ማለቂያ በሌለው ርቀት፣ የመሬት ስበት ከቁጥር በማይገባበት ቦታ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለ ነገር ሁሉ ባለዕዳ ነው። የሳተላይቷ ዕዳ 4 ቢሊዮን ጁል፣ እጇ ላይ ያለው ካይነቲክ ደግሞ 2 ቢሊዮን። ሲደመር ኔጌቲቭ 2 ቢሊዮን። ዕዳዋን መክፈል ስላቃታት ነው እኛኑ የምትዞረን፤ ድምሩ ዜሮ ቢደርስ ጥላን ትሄድ ነበር። ክብ ምህዋር ላይ ያለ ሁሉ እንዲሁ ነው፤ እጁ ላይ ያለው ሁሌም የዕዳው ግማሽ ነው። ለምን ግማሽ እንደሆነ ራስሽ ድረሺበት። ስበቱን ለክብ እንቅስቃሴ ከሚያስፈልገው ኃይል ጋር እኩል አድርጊና ጀምሪ።

ሰው ሮኬት ሲባል ሽቅብ መውጣት ብቻ ይመስለዋል። እሷን እዚያ ከፍታ ላይ ለማድረስ የሚበቃው 0.4 ቢሊዮን ጁል ገደማ ነው። ፍጥነቱ ነው 2 ቢሊዮን የሚጠይቀው! ሮኬት ብዙም ሳይቆይ ወደ ጎን የሚያዘነብለው ለዚህ ነው።

እኔን እስከዛሬ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያዋ ሰው ሠራሽ ሳተላይት ስፑትኒክ 1 እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 1957 መጠቀች። ያለችበት አየር በጣም ስስ ቢሆንም ይጎትታት ነበር። ታዲያ ዘገየች? በጭራሽ፣ ፈጠነች። አንዱን ዙር በ96 ደቂቃ ትጨርስ የነበረችው ዙሯ እያጠረ ሄደ። ዝቅ ስትል ከፖቴንሻሏ 2 ጁል ካጣች አንዱ አየሩን ያሞቃል፣ ሌላው ፍጥነት ይሆናል። በሦስተኛው ወር፣ ጃንዋሪ 1958 ላይ፣ ወደ ከባቢ አየር ገብታ ተቃጠለች። ፈተና ላይ «የአየር ግጭት ፍጥነቷን ይቀንሳል» የሚል ምርጫ ካየሽ እንዳትሸወጂ።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ። ፎቶው ላይ በርቀቱ ቦታ 628 አስገብተሻል። ርቀቱ የሚለካው ከመሬት መሃል ነው፤ የመሬትን ሬዲየስ 6,371 ኪሎ ሜትር ጨምሪበትና እንደገና ሥሪው። መልሱን ላኪልኝ።

እናትሽ