ይድረስ ለሰይድ፣ ካምፓላ

ውድ ወንድሜ ሰይድ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። ከጦርነቱ ወዲህ ስልኬም ተቀየረ፣ ያንተም ጠፋብኝ። አድራሻህን የሰጠኝ ታናሽ ወንድምህ ነው፤ ሰሞኑን ፒያሳ ተገናኘን። ካምፓላ መሆንህን ስሰማ እንዴት ደስ አለኝ! ክረምቱን ሙሉ ሳነብ የከረምኩት ስለዚያው አገር ነው፤ «ነጭ አባቶች» ስለሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን።

ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ልጻፍልህ። ማኅበሩን በ1868 አልጀርስ ላይ ያቋቋመው ላቪዠሪ የተባለ ጳጳስ ነው። መነሻው ረሃብ ነው። አልጄሪያን ድርቅና ኮሌራ ፈጅቷት፣ ጳጳሱ ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ይሰበስብ ነበር። ይህን ሳነብ በእኛው በ1977 ድርቅ እናቴ አንስታ ያሳደገቻት ዘሃራ ትዝ አለችኝ። ጠግባ በልታም ቁራሽ እንጀራ ቀሚሷ ውስጥ ትደብቅ ነበር፣ ታስታውሳለህ አይደል?

ፎቷቸውን ብታይ ትገረማለህ። ነጭ ጀለቢያ፣ ነጭ ካባ፣ ቀይ ቆብ፣ አንገት ላይ መቁጠሪያ። ሸዋ በር መስጊድ ደጃፍ ቢቆሙ ሼህ ናቸው ብለህ ሰላምታ ትሰጣለህ። የሕዝቡን ቋንቋ ተናገሩ፣ ምግቡን ብሉ፣ ልብሱን ልበሱ ብሎ ያዘዛቸው ላቪዠሪ ነው። ቢሆንም በአልጄሪያ ሙስሊሞች ዘንድ ብዙ ተከታይ አላገኙም። ሥራቸው የሰፋው አሁን አንተ ባለህበት አገር ነው።

በ1879 ቡጋንዳ ገቡ፣ በዛሬዋ ኡጋንዳ የነበረ መንግሥት ነው፣ ንጉሥ ሙቴሳ ዘንድ። በ1882 ነገሩ አላምር ሲላቸው ከቪክቶሪያ ሐይቅ ወደ ደቡብ ወረዱ፤ እስከ 1885 አልተመለሱም። ልቤን የያዘው ይህ ነው። ቄስ የለ፣ ቅዳሴ የለ፤ እምነቱ ግን አደገ። የቤተ መንግሥት ወጣቶች እርስ በርስ እየተማማሩ አቆዩት። በ1886 ንጉሥ ምዋንጋ ሊያስገድላቸው ሲነሳ አንዳንዶቹ ገና አልተጠመቁም ነበር፤ በማኅበሩ ደንብ ሰው የሚጠመቀው አራት ዓመት ተምሮ ነውና። ቻርልስ ሉዋንጋ የሚባለው አለቃቸው በዚያች ሌሊት ራሱ አጠመቃቸው። ትንሹ ኪዚቶ ዕድሜው 14 ገደማ ነው። ጁን 3 ቀን ካምፓላ አጠገብ ናሙጎንጎ በሚባል ቦታ በእሳት አቃጠሏቸው።

የሚስዮን ነገር ሲነሳ ሁሌም የሚወራው ከባሕር ማዶ ስለመጣው ሰው ነው። ለእኔ ግን ሥራውን ያሳደገው የአገሬው ልጅ ነው። በ1913 ሁለት ኡጋንዳውያን ቀሰሱ፤ በ1939 ደግሞ ራሱ የማኅበሩ አባል የሆነው ጆሴፍ ኪዋኑካ ጳጳስ ሆነ።

ናሙጎንጎ ሄደህ ታውቃለህ? በሙቴሳ ዘመን ሙስሊም ወጣቶችም በሃይማኖታቸው ምክንያት እዚያው ተገድለዋል። ለእነሱም ዱዓ አድርግላቸው። ቦታውን እየውና ምን እንደሚመስል ጻፍልኝ። እናቴ ሰላም ብላሃለች፤ አግብቷል ወይ ብላ ትጠይቃለች።

ወንድምህ፣ ከደሴ